ሦስት ቅዳሜ በቃለ መጠይቅ ሥልጠና፦ የአንዲት ሒሳብ ሠራተኛ እናት ግምገማ

ባለፈው ጥቅምት ወር በሦስት ተከታታይ ቅዳሜዎች፣ ሃያ ሁለት አካባቢ በአንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ በሚገኝ አነስተኛ ማሠልጠኛ፣ የሥራ ቃለ መጠይቅ ዝግጅት ሥልጠና ተከታትያለሁ። ክፍያው 3,200 ብር ሲሆን፣ ሥራ ለሌላት የሁለት ልጆች እናት ይህ የወር አስቤዛን የሚነካ ገንዘብ ነው። የማሠልጠኛውን ስም የማልጽፈው ምስጋናዬ ከቅሬታ ጋር የተቀላቀለ በመሆኑና ቅሬታዬም የአንድ ቤት ብቻ ስለማይመስለኝ ነው። ተመሳሳይ ሥልጠና ለመግዛት የምታስብ እናት ግን በገንዘቧ ምን እንደምታገኝና ምን እንደማታገኝ አስቀድማ ብታውቅ ይጠቅማታል።

የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። በአንድ አስመጪ ድርጅት ስምንት ዓመት ከሠራሁ በኋላ ሁለተኛ ልጄን ስወልድ፣ የወሊድ ፈቃዴ ቢያልቅም ወደ ሥራ መመለስ አልቻልኩም። ልጅ የምትይዝልኝ ሠራተኛ ወደ አረብ አገር ሄደች፣ እናቴ በጉልበት ሕመም ምክንያት አራተኛ ፎቅ ወዳለው የኮንዶሚኒየም ቤታችን በየቀኑ መውጣት ተሳናት፣ የሕፃናት ማቆያው ክፍያም ከትራንስፖርቱ ጋር ሲደመር ከደመወዜ ይህን ያህል የሚያስተርፍ አልነበረም። ለአንድ ዓመት ያሰብኩት ቆይታ ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ካለፈው የካቲት ጀምሮ በቴሌግራም የሚለቀቁ የሥራ ማስታወቂያዎችንና የእሑዱን ሪፖርተር ጋዜጣ እየተከታተልኩ ሳመለክት አራት ጊዜ ለቃለ መጠይቅ ተጠርቼ፣ አራት ጊዜም «እንደውልልሻለን» ተብዬ ተመለስኩ። የጽሑፍ ፈተናውን ሁልጊዜ አልፍ ስለነበር ችግሩ ከእጄ ሳይሆን ከአፌ እንደሆነ ገብቶኛል።

ከአራቱ የከፋው ሦስተኛው ነበር። ከጠያቂዎቹ አንዱ የሥራ ማስረጃዬን ገልበጥ ገልበጥ ካደረገ በኋላ፣ «ሌላ ልጅ የመውለድ ሐሳብ አለሽ ወይ?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም ሣቅ ብዬ «እግዜር ያውቃል» አልኩት። ማታ ለባለቤቴ ስነግረው «ምን አገባችሁ አትያቸውም ነበር?» አለኝ፤ ሶፋ ላይ ተቀምጦ እንዲህ ማለት ቀላል ነው። እኔን እስከ ሌሊት ያብሰለሰለኝ ጥያቄው ሳይሆን ሣቄ ነው፤ የሳቅኩት ሰውዬው እንዳያፍር ነበርና።

የጥያቄውን ምንጭ አውቀዋለሁ፤ ደመወዝ የማዘጋጅ ሰው ስለነበርኩ ስሌቱ አይጠፋኝም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወላድ ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ይሰጣል፤ በቀድሞው አዋጅ ከወሊድ በኋላ ያለው ፈቃድ 60 ቀን ነበር። ይህን ደመወዝ የሚሸፍን የጋራ ፈንድ ስለሌለ ገንዘቡ የሚወጣው በቀጥታ ከአሠሪው ካዝና ነው። ጠያቂው ፊቴን እያየ በልቡ የሚደምረው ያንን አራት ወር ነው። ያው አዋጅ በአንቀጽ 87 ሴቶች በጾታቸው ምክንያት ልዩነት እንዳይደረግባቸው ይከለክላል፤ ለቅጥር ተወዳድረው ከወንድ ጋር እኩል ውጤት ካገኙም ቅድሚያ እንዲሰጣቸው ያዛል። በሦስቱ ቅዳሜዎች ስለዚህ አንቀጽ አንድም ቃል አልተነገረም፤ ከሠልጣኞቹ መካከል ግን አሥራ አንዳችንም ሴቶች፣ ሰባታችን ደግሞ እናቶች ነበርን።

ስለ መጀመሪያው ቅዳሜ ብዙ የምለው የለኝም። ሙሉ ጠዋቱ የሥራ ልምድ መግለጫ አጻጻፍን በሚመለከት ከሌላ ቋንቋ የተገለበጠ መሆኑ በሚያስታውቅ ጽሑፍ ላይ አለፈ። ጽሑፉ ጠያቂውን ዓይን ዓይኑን እያያችሁ እጁን ጠበቅ አድርጋችሁ ጨብጡ ይላል፤ አባቷ ዕድሜ ያለ ሥራ አስኪያጅ ፊት የምትቀርብ ሴት ግን ዓይኗን ምን ያህል ጊዜ ማንሣት፣ መቼ ደግሞ ሰበር ማድረግ እንዳለባት አይናገርም። ሻዩ ግን ጥሩ ነበር።

ሁለተኛው ቅዳሜ ግን ብቻውን የከፈልኩትን የሚያወጣ ነበር። ሦስት ሰዎች ጠረጴዛ ይዘው እንደ እውነተኛ ጠያቂዎች ተቀመጡ፤ ሞባይል በማቆሚያ ላይ ተደርጎ እያንዳንዳችን ለሃያ ደቂቃ ስንጠየቅ ተቀረጽን። መካከል ላይ የተቀመጡት በሰው ኃይል አስተዳደር ረጅም ዘመን ያገለገሉ፣ አሁን ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። «በቀድሞ ሥራሽ የምትኮሪበትን አንድ ነገር ንገሪን» አሉኝ። ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ስለነበር ተዘጋጅቼበታለሁ፤ ቪዲዮው ላይ ደግሜ እንደሰማሁት የሰጠሁት መልስ ቃል በቃል እንዲህ የሚል ነው፦ «በነበርኩበት መሥሪያ ቤት የባንክ ሒሳብ የማስታረቅ ሥራ ይሠራ ነበር። በዚያን ጊዜ ለአንድ አቅራቢ ክፍያ ሁለት ጊዜ መፈጸሙ ታውቆ፣ ለኃላፊዎች ሪፖርት ተደርጎ፣ ገንዘቡ እንዲመለስ ተደርጓል።»

«ማን አወቀው?» አሉኝ።

ዝም አልኩ። ቪዲዮው ላይ ዝምታው ረጅም ነው፤ እጄ የነጠላዬን ጥለት ሲጠቀልል ይታያል።

«እኔ ነኝ» አልኩ በመጨረሻ፣ ጥፋት እንደማምን ሰው።

«ታዲያ ከዚህ ሁሉ ‹ተደርጓል› ኋላ ምን ያስደብቅሻል?»

እውነተኛው ታሪክ ይኸው ነው። ሰኔ 27 ቀን ነበር፤ የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ሦስት ቀን ቀርቶታል። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ቢሮ ውስጥ ከጥበቃው በስተቀር እኔ ብቻ ቀርቻለሁ። የባንኩን መግለጫ ከመዝገቡ ጋር ሳመሳክር፣ ለአንድ አቅራቢ የተጻፉ ሁለት ቼኮች ብራቸው እኩል 186,400 ሆኖ አገኘሁ። አንዱ ሲመዘገብ የደረሰኙ ቁጥር ሙሉ ተጽፏል፤ በሌላኛው ላይ ግን ከፊት ያሉት ሁለት ዜሮዎች ተዘልለዋል፤ ስለዚህ ፒችትሪ የተባለው የሒሳብ መመዝገቢያ ፕሮግራም ሁለት የተለያዩ ደረሰኞች ናቸው ብሎ ተቀብሏቸዋል። ሳጥን ሙሉ ፋይል ወለል ላይ ዘርግፌ ዋናውን ደረሰኝ እስካገኝ አራት ሰዓት ሆነ። ገንዘቡ ተመለሰ። ምስጋናው የደረሰው ለክፍሉ ነው፤ እኔም ይህን ታሪክ ለስምንት ዓመት ያህል ራሴን አውጥቼ ስተርከው ኖሬአለሁ።

እኒህ ሴት ያሳዩኝ ነገር በየትኛውም የተተረጎመ መመሪያ ላይ የሚገኝ አይመስለኝም፤ የአማርኛችን ጉዳይ ነውና። ቋንቋችን ሠሪውን ለመሰወር የሚያስችል ምቹ መንገድ አለው፤ ተሠራ፣ ተዘጋ፣ ተገኘ ስንል ሰው ከዓረፍተ ነገሩ ወጥቶ ይሄዳል። በአስተዳደጋችንም «እኔ እኔ አትበይ» እየተባልን ያደግን ነን። ሁለት ቀን ሙሉ ስታቁላላ የሰነበተች ባለቤት እንግዳዋን «ምንም የለም፣ እንዲያው ቅመሱልን» ብላ ወደ ማዕድ ትጋብዛለች። ይህ ማዕድ ላይ ያምራል፤ እንግዳውም ምንም የለም ስትል ሁሉም አለ ማለቷ እንደሆነ ያውቃል። ጠያቂ ግን እንግዳ አይደለም፤ ምንም የለም ያልሽውን ምንም የለም ብሎ ይጽፈዋል። በሃያ ደቂቃው ቪዲዮ ውስጥ አሥራ ሰባት ጊዜ «ተደርጓል» ወይም ወንድሞቹን፣ አምስት ጊዜ «ይቅርታ» ብያለሁ። «አደረግሁ» ያልኩበት ቦታ የለም።

ሦስተኛው ቅዳሜ የቅሬታዬ ዋና ምክንያት ነው። የዕለቱ ርእስ ከሥራ ርቀን የቆየንበትን ጊዜ እንዴት እንደምናስረዳ ሲሆን፣ አሠልጣኙ ሌላ፣ ወጣትና ፈጣን ሰው ነበር። የሰጠን ምክር ግልጽ ነው፤ ክፍተቱን «የግል የማማከር ሥራ» በሚል ሙሉት፣ ስለ ልጆች ሳትጠየቁ አታንሡ፣ ከተጠየቃችሁ ደግሞ «ልጆቼ አድገዋል» በሉ። ይህን ሲል የሦስት ዓመቱ ልጄ ጠረጴዛዬ ሥር ተቀምጦ የጫማዬን ማሰሪያ ይፈታ ነበር። እናቴ ለቅሶ ስለሄደች የሚይዝልኝ ሰው አጥቼ ይዤው መጥቻለሁ። የማሠልጠኛው ማስታወቂያ ሕፃን ታቅፋ ላፕቶፕ ላይ የምትሠራ ሴት ፎቶግራፍ አለበት፤ እንግዳ ተቀባይዋ ግን ልጁን ኮሪደር ላይ ባስቀምጠው እንደሚሻል ነግራኛለች። ለእናቶች የተዘጋጀ ሥልጠና ቅዳሜ ጠዋት በሁለት ሰዓት ተኩል ሲጀምር ልጆቹ የት እንደሚሆኑ አንድ ሰው ሊያስብበት ይገባ ነበር።

ያልሠራሁትን ማማከር ሠራሁ ማለት ለእኔ ደረሰኝ የሌለው ወጪ መመዝገብ ነው፤ አንድ ጠያቂ «ደንበኛሽ ማን ነበር?» ቢለኝ የማቀርበው የለኝም። የባሰው ግን ውሸቱ የተሠራበት ሐሳብ ነው፤ ሦስት ዓመት ልጅ ማሳደግ መሸፈን ያለበት ጉድለት ነው ማለቱ ነበር። እኛም ብንሆን ከዚህ ሐሳብ የራቅን አልነበርንም። በመጀመሪያው ቀን ራሳችንን ስናስተዋውቅ ሰባቱም እናቶች «ቤት ነኝ» ነበር ያልነው፤ «ምን ትሠሪያለሽ?» ስትባል «ምንም፣ ቤት ነኝ» ያለችም ነበረች። አራት ልጆች አሏት።

በዕረፍት ሰዓት ወደ እኒያ ጡረተኛ አሠልጣኝ ሄጄ ምን ልበል ብዬ ጠየቅኋቸው። «ሦስት ዓመት ሙሉ ምንም አልቆጠርሽም?» አሉኝ። ሳስበው የሃያ አራት ሰው ዕቁብ ጸሐፊ ሆኜ አንድም ቀን ሒሳቡ ሳይዛነፍ ሁለት ዙር አዙሬአለሁ። አዲሱ የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅ ቁጥር 1341/2016 ሲወጣ ደግሞ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ከቀድሞው ቁጥር 285/1994 ጋር ጎን ለጎን አድርጌ አንብቤዋለሁ። ዕቁቡን ጠያቂዎች ባይጠይቁሽ ተዪው፣ አዋጁን ግን ንገሪያቸው አሉኝ። ዓረፍተ ነገሩን አብረን አወጣነው፦ «ልጆቼን ሳሳድግ ቆይቻለሁ። በዚህ ጊዜ ሕጉ ተለውጧል፤ አዲሱን አንብቤዋለሁ።» ቀጥለውም «ከዚያ አራት ነጥብ አድርጊና ዝም በይ» አሉ። ዝም ማለቱን አምስት ጊዜ አለማመዱኝ፤ ሦስት ሰከንድ ዝም ማለት ይህን ያህል እንደሚከብድ አላውቅም ነበር።

ኅዳር ውስጥ ለአምስተኛ ጊዜ ተጠራሁ። አራት ጠያቂዎች ነበሩ፤ ጥያቄው የመጣው ከሴቷ ነው፦ «ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉሽ፤ ሰኔ ላይ ማምሸት ትችያለሽ?» እኔም «ስምንት ሰኔ ዘግቻለሁ፤ ምን እንደሚጠይቅ አውቃለሁ። ልጆቼን ከትምህርት ቤት የሚያመጣ አባት አላቸው» ብዬ ዝም አልኩ። ቀና ብላ አየችኝና ወደ ሌላ ጥያቄ አለፈች።

ስለዚያ መልስ ሁለተኛ ክፍል አንድ ነገር መናገር አለብኝ፤ ሥልጠናው ጨርሶ ያልነካው ጉዳይ ነውና። «የሚያመጣ አባት አላቸው» የሚለው ቃል እውነት እንዲሆን ሁለት ምሽት ከባለቤቴ ጋር ተከራክረናል። እሱ መጀመሪያ «እረዳሻለሁ» ነው ያለው። መርዳት ማለት ሥራው የእኔ ነው ማለት መሆኑን ለማስረዳት አንድ ሙሉ ምሽት ፈጅቷል። በሁለተኛው ምሽት ቀኖቹን ወረቀት ላይ ተካፍለን ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፍነው፤ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ የእሱ ናቸው። እናቴ ወረቀቱን አይታ «ወንድ ልጅ እንደ ተረኛ ጥበቃ ይመደባል እንዴ?» ብላ ስቃለች፤ ማክሰኞን ግን ራሷ ጠይቃ ወሰደች፤ ልጆቹን ምድር ቤት ትቀበላቸዋለች እንጂ ደረጃውን አትወጣም።

ሥራውን አግኝቼ አሁን በሙከራ ላይ ነኝ፤ ከ60 የሥራ ቀናት አርባ አንዱ አልፏል። ያገኘሁት በሥልጠናው ነው ለማለት አልደፍርም፤ የጽሑፍ ፈተናውን የሠራሁት እኔ ነኝ። ይህንን ዓረፍተ ነገር በዚህ መልክ መጻፌን ግን ከሁለተኛው ቅዳሜ ላይ እቆጥረዋለሁ።

ልትመዘገብ ለምታስብ ሁሉ፦ ከመክፈልሽ በፊት በስንት ሰው ቡድን እንደሚሰጥ፣ እያንዳንዷ ሠልጣኝ ስንት ደቂቃ እንደምትጠየቅና ጠያቂዎቹ በእርግጥ ሰው ቀጥረው የሚያውቁ መሆናቸውን ጠይቂ። ከአሥራ አምስት ሰው በላይ ከሆነ ተራ ሳይደርስሽ ይመሻል። ሁለተኛውን ቀን ለብቻው ቢሸጡት 3,200 ብሩን ሳላቅማማ እከፍል ነበር፤ አንደኛውን በነፃ ቢሰጡኝም አልሄድም። ሦስተኛውን አሠልጣኙን ቀይረው፣ ለልጆች አንድ ምንጣፍና ጥቂት እርሳስ ቢያዘጋጁ ሊድን ይችላል። ቪዲዮውን በሳምንት ውስጥ በቴሌግራም እንልካለን ብለው ነበር፤ እዚያው ስልኩ ላይ ሁለት ጊዜ ከማየቴ በቀር አልደረሰኝም። ሦስት ጊዜ ደውያለሁ፤ እንግዳ ተቀባይዋ በእያንዳንዱ ጊዜ የመለሰችልኝ «ይላካል» ብላ ነው። አራተኛ ጊዜ ስደውል ማን እንደሚልከው እጠይቃታለሁ።