በደሴ የተካፈልሁት የጤና ባለሙያዎች የጋራ ሥልጠና፦ ይዘቱ መልካም፣ ምዘናው ግን የጎደለው

በደሴ ከተማ ለሐኪሞች፣ ለአዋላጆች፣ ለነርሶች፣ ለፋርማሲና ለላቦራቶሪ ባለሙያዎች በአንድነት የተሰጠውን የሦስት ቀን ሥልጠና በአዋላጅነቴ ተካፍያለሁ። ሐሳቡ ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1954 ጎንደር ላይ የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅም ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የሳኒቴሽን ባለሙያዎችን ጤና ጣቢያ ላይ በቡድን ያሠለጥን ነበር።

የሥልጠናው ብርታት ሁለተኛው ቀን ነው። ከወሊድ በኋላ ደም የሚፈሳትን እናት ጉዳይ በሞዴል ላይ ስንለማመድ፣ ሐኪሙ ያዘዘውን ኦክሲቶሲን፣ ማሕፀንን አኮማትሮ ደም የሚያቆመውን መድኃኒት፣ ነርሷ መጠኑን ጮክ ብላ ደግማ ከተናገረች በኋላ እንድትሰጥ፣ የላቦራቶሪ ባለሙያውም ደሙ በስንት ደቂቃ እንደሚደርስ እንዲያሳውቅ ተደረገ። ክሮስማች፣ ማለትም የሚሰጠው ደም ከታካሚዋ ደም ጋር መስማማቱን የማጣራት ምርመራ፣ ምን ምን ሥራ እንዳለው ሳላውቅ ለዓመታት «ላቦራቶሪ አዘገየን» እያልሁ ስወቅስ እንደኖርሁ የተረዳሁት ያን ዕለት ነው። አዋላጅ ስሕተት ስታይ ሐኪሙን በአክብሮት፣ ግን ሳትሸማቀቅ «ዶክተር፣ አንድ ጊዜ ይቆዩ» እንድትል መለማመዷም በእኛ ልማድ ቀላል ነገር አይደለም።

ቅር ያሰኘኝ ምዘናው ነው። በመጨረሻው ሰዓት የታደለን ቅጽ የጠየቀን በአዳራሹ፣ በምሳውና በአሠልጣኞቹ መርካታችንን ብቻ ነበር። የሥልጠና ምዘና ምሁሩ ኪርክፓትሪክ ካስቀመጣቸው አራት የምዘና ደረጃዎች ይህ የመጀመሪያው ሲሆን፣ የተገኘው ዕውቀት፣ በሥራ ላይ የተለወጠው ባሕርይና የመጨረሻው ውጤት፣ ለእኛ የእናቲቱ ሕይወት ማለት ነው፣ ሳይጠየቁ ቀርተዋል። ይህን አጥብቄ የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የጤና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመረምረው ኮክሬን ስለ እንዲህ ያለ የጋራ ሥልጠና እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው ግምገማ መስፈርቱን አሟልተው ካገኛቸው 15 ጥናቶች 7ቱ መልካም፣ 4ቱ የተደባለቀ ውጤት ሲያሳዩ፣ የቀሩት 4ቱ ምንም ለውጥ አላሳዩም። ስለዚህ ተሳታፊው ደስ ስላለው ብቻ ሥራው ተሻሽሏል ማለት አይቻልም።

መለኪያው ሩቅ አይደለም። ደም ከታዘዘበት ሰዓት አንሥቶ አልጋው ዘንድ እስከደረሰበት ያለው ጊዜ ከሥልጠናው በፊትና ከሦስት ወር በኋላ ከማዋለጃ ክፍሉ መዝገብ ቢነጻጸር፣ ከተንታ ወይም ከደላንታ ወረዳ በሪፈር ለመጣች እናት የተረፈላት ደቂቃ ይታይ ነበር። በእኛ ክፍል ትእዛዝን ደግሞ መናገሩ ሁለት ሳምንት ያህል ዘልቆ፣ ያልሠለጠኑ ተረኞች ሲገቡ ተረሳ። መዝገቡን ሊያይ የመጣ አሠልጣኝ ግን እስካሁን የለም።