ሳርጀንት ይሳልሽ ወይስ ኤኪንስ?

19ኛው ክፍለ ዘመን ሊያልቅ ነው እንበል፤ ገንዘብ አለሽ፣ ፖርትሬትሽን በዘይት ቀለም ማሳል አማረሽ። ማን ዘንድ ትሄጃለሽ?

ጆን ሲንገር ሳርጀንት ዘንድ ከሄድሽ አምረሽ ትወጫለሽ። የሐር ቀሚሱን ጠጋ ብለሽ ስታዪው ዝም ብሎ የተለጠፈ ነጭ ቀለም ይመስላል፣ ራቅ ስትዪ ግን ያብረቀርቃል። እሱም ጣጣ አላጣውም፤ እ.ኤ.አ. በ1884 ፓሪስ ላይ ዛሬ «ማዳም ኤክስ» የምንላትን ሴት ፖርትሬት ሲያሳይ፣ የቀሚሷ አንዱ ማንገቻ ከትከሻዋ ወርዶ ነበርና ሰው ሁሉ ተንጫጫ። በኋላ ማንገቻውን ወደ ቦታው መልሶ ቀባው።

የፊላደልፊያው ቶማስ ኤኪንስ ግን ይሉኝታ አያውቅም። ድካምሽን፣ የዓይንሽን ሥር፣ ሁሉንም ያወጣዋል። በ1875 ዶክተር ግሮስን የሳለው ቀዶ ሕክምና ላይ ቆሞ፣ እጁ በደም ተነክሮ ነው። በ1876ቱ የፊላደልፊያ ኤግዚቢሽን የሥነ ጥበብ ክፍሉ አልቀበልም አለና ሥዕሉ የጦር ሠራዊቱ ሆስፒታል ማሳያ ውስጥ ተሰቀለ። ቀጥሎ በ200 ዶላር ተሸጠ (በእኛ ዘመን ከከተማው እንዳይወጣ 68 ሚሊዮን ተከፍሎበታል!)።

ለሳሎን ግድግዳ ሳርጀንት፣ አያከራክርም። እኔን ግን የሚይዘኝ ኤኪንስ ነው። እዚያው ሥዕል ላይ፣ ከዶክተሩ ጎን፣ ፊቷን የሸፈነች ሴት አለች፤ ጣቶቿ ተጨማደው።