የኪራይ ካያክ በሰሜን ሚኒሶታ ሐይቆች ላይ

ከ1,000 በላይ ሐይቆችን በያዘው የባውንደሪ ዋተርስ ጥብቅ የዱር ቀጠና ውስጥ ለሦስት የበጋ ቀናት የቀዘፍኩበት የኪራይ ካያክ (ጠባብ የመቅዘፊያ ጀልባ)፣ ውሃ ላይ እስካለ ድረስ ያለ እንከን አገልግሎኛል፤ ዝቅ ብሎ ስለሚሄድ ነፋስ እምብዛም አያናውጠውም፣ ድምፅም ስለሌለው ሉን የምትባለው ጠላቂ ወፍ አጠገቧ ስደርስ እንኳ አልሸሸችም። ችግሩ የብስ ላይ ነው። ከአንዱ ሐይቅ ወደ ሌላው ጀልባን ተሸክሞ መሻገር ግድ በሆነበት በዚህ ስፍራ፣ 25 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝንና የትከሻ መሸከሚያ የሌለው የፕላስቲክ ካያክ ድንጋያማውን መንገድ እጅግ አክብዶብኛል፤ አከራዩ ይህን አስቀድሞ ሊነግረኝ ይገባ ነበር። ብዙ ሐይቆችን ለማቋረጥ ያሰበ ሰው ኬቭላር ከሚባል ጠንካራ ሰው ሠራሽ ቃጫ የተሠራ ቀላል ታንኳ ቢከራይ ይሻለዋል፤ በአንድ ሐይቅ ዳር ድንኳን ተክሎ ጠዋትና ማታ ለሚቀዝፍ ግን ካያኩን ከልብ እመክራለሁ። ከሜይ 1 እስከ ሴፕቴምበር 30 ያለው የማደሪያ ፈቃድ በኮታ የተወሰነ ስለሆነ ቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል።