ስለ ጡት ካንሰር ላስተማሩን ሲስተር ምስጋና፣ ለሐዋሳ ትምህርት ቤቶችም ጥቆማ

በሐዋሳ ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ነኝ፤ የሥርዓተ ፆታ ክበቡንም አስተባብራለሁ። ይህን የምጽፈው በከተማችን በሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ የሚሠሩ ሲስተር ባለፈው ጥቅምት ለተማሪዎቻችን፣ ለሠራተኞቻችንና ለወላጆች ላደረጉልን መልካም ነገር በአደባባይ ለማመስገን፣ ሌሎች ትምህርት ቤቶችም እንዲጋብዟቸው ለመጠቆም ነው። ስማቸው እንዳይጠቀስ ስለ ጠየቁ ፈቃዳቸውን አከብራለሁ።

ከእርሳቸው በፊት የገጠመንን ሳልናገር ባልፍ ምስጋናዬ ጎዶሎ ይሆናል። ከዚህ ቀደም ግንዛቤ እንፈጥራለን ብለው የመጡ ሰዎች ሮዝ ሪባን አድለው፣ ባነር ዘርግተው፣ ከልጆቹ ጋር ፎቶ ተነሥተውና የተሳታፊ ስም ዝርዝር አስፈርመው ሄዱ፤ አንዲት ተማሪ የበሽታውን ምልክት ስትጠይቅ ሰዓት የለንም ተባለች። ሌላ ጊዜ የመጣ ባለሙያ ደግሞ የቆሰለ ጡት ምስል በፕሮጀክተር ደጋግሞ እያሳየ ልጆቹን ስላስለቀሳቸው፣ ከዚያ ወዲህ በትምህርት ቤታችን ስለዚህ በሽታ የሚያነሣ ሰው ጠፋ። ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ግን የሥራ ባልደረባዬ ጉዳይ ነው። ጡቷ ላይ ያገኘችውን እብጠት ለማሳየት ወደ አንድ ክሊኒክ ብትሄድ፣ ገና ልጅ ነሽ፣ የምታጠቢው ወተት ቋጥሮ ነው እየተባለች፣ ማስታገሻ እየተጻፈላት ተመለሰች። ትክክለኛው ሐኪም ዘንድ ስትደርስ ሕመሙ ወደ ብብቷ አልፎ ነበር። ዛሬም በሕክምና ላይ ናት፤ እግዚአብሔር ይማርልን። በአገራችን ከሴቶች ካንሰር ሁሉ የሚበዛው ይኸው የጡት ካንሰር ሆኖ ሳለ፣ እብጠት ይዛ የመጣች ሴት ያለ ምርመራ መመለሷን እስካሁን ልቀበለው አልቻልኩም።

ሲስተር የመጡት እንዲህ አዝነንና ፈርተን በቆየንበት ጊዜ ነው። የያዙት በጨርቅ የተሰፋና በጥጥ የተሞላ የጡት ቅርጽ ብቻ ነበር። ውስጡ ሽምብራ ቀብረውበት ለእያንዳንዱ ተማሪ እያቀበሉ፣ በጣቶቻችሁ መዳፍ በኩል በዝግታ ዳብሱ፣ ያገኛችሁ እጃችሁን አውጡ አሉ። ልጆቹ ማፈራቸውን ረስተው ፍለጋ ገቡ። ወንዶቹ እንዲወጡ የጠየቀ መምህር ነበር፤ ሲስተር ግን ነገ አባትና ባል የሚሆኑት፣ ዛሬም እናትና እህት ያሏቸው እነዚሁ ናቸው፣ በሽታው በጥቂቱም ቢሆን ወንዶችን ይይዛል ብለው አስቀሯቸው።

ምልክቶቹን የነገሩን በማይረሳ መንገድ ነው፦ ብዙውን ጊዜ የማያም ጠጣር እብጠት፣ የቆዳ መሰርጎድ፣ የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ መግባት፣ ከጫፉ ደም የቀላቀለ ፈሳሽ መውጣት፣ የብብት እብጠት። ጡትን ለመዳበስ የወር አበባ ካበቃ በኋላ ያሉት ጥቂት ቀናት የተሻሉ መሆናቸውን፣ አብዛኛው እብጠት ካንሰር እንዳልሆነ፣ ይህን የሚለየው ግን ምርመራ ብቻ እንደሆነ ደጋግመው አስረዱን። እንደ ጎርጎርሳውያን አቆጣጠር በ2022 በዓለም ላይ 2.3 ሚሊዮን ሴቶች በዚህ በሽታ መያዛቸውንና 670,000 ያህል ሴቶች ደግሞ በዚሁ በሽታ መሞታቸውን ሲናገሩ እንኳ፣ ቶሎ የደረሰች ሴት የመዳን ዕድሏ ከፍተኛ መሆኑን አስከትለው ስለ ነበር የደነገጠ አልነበረም። አንዲት እናት ገንዘብ በጡት መያዣ ውስጥ ማስቀመጥ በሽታውን ያመጣል ወይ ብለው ሲጠይቁ ሳይስቁባቸው መለሱላቸው። ጠበል ስለ መግባት ሲነሣም፣ ጠበሉንም ጸሎቱንም ሳትተዉ ሐኪም ዘንድ ሂዱ አሉ። አማርኛ ለሚከብዳቸው ወላጆች ደግሞ ሁሉንም በሲዳምኛ ደገሙላቸው፤ ይህን ከእርሳቸው በፊት ያሰበበት አልነበረም።

እኔን ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። በትምህርት ቤታችን ጽዳት የምትሠራ እህታችን (ታሪኩን የምጽፈው እርሷ ፈቅዳልኝ ነው) ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ በር ላይ ቆማ ቀረች። ሲስተር ምንም ሳይጠይቋት እጇን ይዘው ወደ ቤተ መጻሕፍቱ አስገቧት፤ በሩን ዘግተው መረመሯት። በማግስቱ የእረፍት ቀናቸው ሆኖ ሳለ ባጃጅ ይዘው ከቤቷ ወሰዷት፤ ሪፈራል ሆስፒታል ካርድ አውጥተው፣ ወረፋ ይዘው፣ ናሙና እስክትሰጥ አብረዋት ዋሉ። ውጤቱ ካንሰር ነበር፤ ነገር ግን ገና ከጡቷ አልወጣም። ሐኪሞቹ የነገሩንን ደረጃና የመድኃኒት ዓይነት እኔ በደንብ አልገባኝም። የገባኝ ቀዶ ጥገናው በሰላም ማለፉና ሲስተር በሕክምናዋ ቀጠሮ ዋዜማ ሁሉ እየደወሉ፣ በልተሻል ወይ፣ የሚሸኝሽ ሰው አለ ወይ ማለታቸው ነው። ሲስተር ባይመጡ ኖሮ ይህች የሦስት ልጆች እናት እብጠቱን ደብቃ ትቀር ነበር፤ ይህን ራሷ ነግራኛለች።

ሲስተር፣ እግዚአብሔር ያክብርልን፤ ዕድሜና ጤና ይስጥልን። የዚህች ከተማ ርእሳነ መምህራን፣ የወላጅ መምህር ህብረት አባላትና የክበብ ተጠሪዎች፣ እባካችሁ ጋብዟቸው። ሰው በትዕግሥት የሚያስተምሩ፣ ከትምህርቱም በኋላ የማይጠፉ ባለሙያ ናቸው፤ ደግሜ እላለሁ፣ ጋብዟቸው። በውስጥ መስመር ብትጽፉልኝ አስቀድሜ እርሳቸውን አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ፤ ከዚያ ለሚሠሩበት ጤና ጣቢያ የትብብር ደብዳቤ መጻፍ ይበቃል። ክፍያ አይጠይቁም። የሚፈልጉት በሩ የሚዘጋ አንድ ክፍል እንዲዘጋጅላቸውና ጥበቃዎቹ፣ የጽዳትና የምግብ ቤት ሠራተኞችም ከተማሪዎቹ ጋር እንዲጠሩ ብቻ ነው።