«ተገርቷል፣ እሳት ነው» የሚባል ባት ከመግዛታችሁ በፊት

ያገለገለ ኮምፖዚት ባት፣ ማለትም ከካርቦን ፋይበር የተሠራ የሶፍትቦል መምቻ ዱላ፣ ከሰው እጅ ልትገዙ ካሰባችሁ ትንሽ ቆዩ። እኔ 220 ዶላር ከፍዬበታለሁ። ዛሬ ጓዳ ጥግ ቆሞ አቧራ ይጠጣል፤ መሀሉ ተሰንጥቋል።

ሜሪላንድ ውስጥ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ሐሙስ ሐሙስ ማታ ስሎውፒች ሶፍትቦል እጫወታለሁ፤ ኳሷ በቀስታ ወደ ላይ ተወርውራ በዱላ የምትመታበት ጨዋታ ነው። ልጅ ሆነን ለገና ጨዋታ ዱላችንን ከዛፍ ቆርጠን ራሳችን ነበር የምንሠራው። እዚህ አንድ ዱላ 350 ዶላር ሲሉኝ የሚቀልዱ መስሎኝ ነበር። ግን ከቡድናችን ኳሷን አጥር የማሻግረው እኔ ነኝ። «የራስህ ባት ያስፈልግሃል» እያሉ ልቤን አሳበጡት። ሙገሳ ኪስ ያስከፍታል።

ኢንተርኔት ላይ ሳስስ አንዱን አገኘሁ። 34 ኢንች፣ 27 አውንስ፣ ክብደቱ ወደ ጫፉ ያደላ፤ በጉልበት የሚመታ ሰው የሚወደው ዓይነት። «ተገርቷል፣ እሳት ነው» ይላል ማስታወቂያው። አንድ ሱቅ ፊት ለፊት የመኪና ማቆሚያ ላይ ተገናኘን። ደረሰኝ ጠየቅሁት። «ጠፍቶብኛል፣ ምን ያደርግልሃል?» አለኝ። እኔም ምን ያደርግልኛል ብዬ ጥሬ ገንዘቤን ቆጥሬ ሰጠሁት።

«መግራት» ምን እንደሆነ ለማያውቅ ልንገር፤ ማጭበርበሩ ያለው እዚያ ላይ ነው። ኮምፖዚት ባት በሙጫ የተያያዘ የካርቦን ፋይበር ድርብርብ ነው። አዲስ ሲሆን ግትር ነው። በደንበኛው ኳስ፣ ባቱን ትንሽ ትንሽ እያዞሩ፣ ጥቂት መቶ ጊዜ ሲመቱበት ድርብርቡ ይላላል። ያኔ ኳሷ ስታርፍበት ግድግዳው ገባ ይልና መልሶ ያስፈነጥራታል። ይሄ ሐቀኛው መንገድ ነው፤ ጊዜና ላብ ይፈልጋል። አቋራጩ ሁለት ነው። አንዱ ባቱን በማሽን ሁለት ተሽከርካሪ ሮለሮች መሀል እየጨመቁ ማላላት ነው። ሌላው የባሰ ነው፤ የጫፉን ክዳን ነቅለው የውስጡን ግድግዳ ይልጉታል፣ ያሳሱታል። ከዚያ ክዳኑን መልሰው ይለጥፉታል። ሁለቱም በሊግ የተከለከለ ነው። የተላገ ባት ይዞ የተገኘ ከሜዳ ይባረራል፣ ለረጅም ጊዜም ሊታገድ ይችላል።

የኔው የተላገ ነበር። እኔ ግን ምኑን አውቄ! የመጀመሪያው ልምምድ ላይ ኳሷ እንዲያው በረረች። ጓደኞቼ አፋቸውን ያዙ። እኔም ጉልበቴ የጨመረ መስሎኝ ደረቴን ነፋሁ። ቀጥሎ የመታኋት ኳስ ግን ዝቅ ብላ ወደ ፒቸሩ ሄደች። የሚወረውርልን አንድ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው ያገራችን ሰው ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ፒቸር የሚቆመው 50 ጫማ ርቀት ላይ ነው፣ 15 ሜትር ገደማ። ኳሷ በጆሯቸው ሥር ሽው ብላ አለፈች። እጃቸውን እንኳ ለማንሳት ጊዜ አላገኙም። «አንተ ልጅ፣ ልጆቼን ማን ሊያሳድግልኝ ነው?» አሉኝ። ሁሉም ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

ሐሙስ ጨዋታ ላይ ደግሞ አምፓየሩ፣ ዳኛው፣ ባቱን አገላብጦ አየና ወደ ጎን አስቀመጠው። ባቱ ላይ ያለው የፈቃድ ማህተም ዩኤስኤስኤስኤ የሚባለው የስፖርት ድርጅት ብቻ ነው። የኛ ሊግ የሚጫወተው በዩኤስኤ ሶፍትቦል ሕግ ነው፣ በድሮ ስሙ ኤኤስኤ። ሁለቱ ድርጅቶች ባት የሚፈትኑበት መንገድ ይለያያል። ዩኤስኤ ሶፍትቦል ኳሷ ከባቱ ስትወጣ በሰዓት 98 ማይል እንዳታልፍ ይወስናል። የዩኤስኤስኤስኤ አዲሱ ማህተም ላይ ደግሞ 240 የሚል ቁጥር ታያላችሁ፤ ባቱ ሲጨመቅ ምን ያህል እንደሚገትር የሚለካበት ነው። ከሃምሳ ዓመት በላይ ላሉ የሚሠራው የሲኒየር ባት ከነዚህም ይበልጥ ያስፈነጥራል፤ ወጣት ይዞት ቢገባ አይፈቀድለትም። ስለዚህ ከዋጋውም ከቀለሙም በፊት የሊጋችሁን ደንብ ጠይቁና ማህተሙን እዩ። እኔ ቀለሙን ነበር ያየሁት። ያምር ነበር፣ አልዋሽም።

ለልምምድ ይሆነኛል ብዬ ያዝኩት። በሦስተኛው ሳምንት ድምፁ ተለወጠ፣ ደነዘ። ስነቀንቀው ውስጡ ይንኳኳል። ከዚያ ወገቡ ላይ ስንጥቅ ወጣ። ለአምራቹ ብጽፍ ዋራንቲው የሚሠራው ከተፈቀደለት ሱቅ ለተገዛ፣ ደረሰኝ ላለው፣ ያልተነካካ ባት ነው አሉኝ። ከሦስቱ አንዱም የለኝም። አንድ የሚያውቅ ሰው ክዳኑን ከፍቶ አሳየኝ። የውስጡ ግድግዳ የመላጊያ ምልክት አለበት። የጎደለውን ክብደት ለመመለስም ክዳኑ ውስጥ የሆነ ነገር አፍስሰውበታል። ለዚህ ነው በእጅ ስይዘው ምንም ያልጠረጠርኩት።

የግድ ያገለገለ መግዛት ካለባችሁ ቶሎ ወደ ክዳኑ ሂዱ። ጭረት፣ ክፍተት፣ አዲስ ሙጫ ካያችሁ ተመለሱ። ነቅንቁት፣ አድምጡት። ቀለሙ ላይ ያለች የሸረሪት ድር የምትመስል ቀጭን መስመር ብዙም አታስፈራም፤ ጥፍራችሁን የምትይዝ ስንጥቅ ግን ሌላ ነገር ናት። መለማመጃ ማሽን ቤት ባሉት ጠንካራ ቢጫ የጎማ ኳሶች ሲደበደብ ኖሮ እንደሆነም ጠይቁ፤ ባት ይገድላሉ። ብርድም እንደዚያው ነው። ከ15 ዲግሪ በታች ሲሆን ኮምፖዚት አውጥቶ መምታት በራስ ገንዘብ ላይ መፍረድ ነው።

እኔን ብትጠይቁኝ ግን አዲስ ግዙ። የዘንድሮው ሞዴል ሲወጣ ያለፈው ዓመት ዋጋው ይወርዳል፣ ደረሰኙም አብሮ ይመጣል። ጫፉ የከበደ ካልሆነ ብላችሁም አትሟገቱ። ስትመቱ ባቱን የምታዘገዩ ከሆነ ግማሽ አውንስ ብቻ ወደ ጫፉ ያደላ ወይ ክብደቱ የተመጣጠነ ባት ይዛችሁ ኳሷን በሰዓቷ ብታገኟት ይሻላል።

ባለፈው ሳምንት ያው ሰው ሌላ ባት አውጥቶ አየሁት። «ተገርቷል፣ እሳት ነው።» ደረሰኙስ ብዬ ጻፍኩለት። ብሎክ አደረገኝ።