የፊፍዝ አቬኑው የመስታወት ኪዩብ፦ 90 መስታወት ወደ 15 ሲወርድ ምን ተገኘ?

አፕል በኒው ዮርክ ፊፍዝ አቬኑ ጎዳና ላይ ባለው ሱቁ ያቆመውን ዝነኛ የመስታወት ኪዩብ በ2011 ነቅሎ እንደ አዲስ ሲሠራው፣ ሥራው ካለቀ በኋላ ደጋግሞ ይሰማ የነበረው ጥያቄ «ታዲያ ምኑ ተለወጠ?» የሚል ነበር። ቁመቱ ያው ነው፣ ወርዱ ያው ነው፣ በመካከሉ የተንጠለጠለው ነጭ የፖም ምልክትም ያው ነው። በወቅቱ የተዘገበው ወጪ ግን 6.6 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። አንድ ድርጅት ይህን ያህል ገንዘብ አውጥቶና ወራት የፈጀ ሥራ ሠርቶ በመጨረሻ የቀድሞውን የሚመስል ነገር ሲያቆም ሰው ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። እኔ ኪዩቡን ከእድሳቱ በፊትም በኋላም፣ በ2019 ከተደረገው ሁለተኛ ለውጥ ወዲህም አይቼዋለሁ፤ ለውጡ የወጣበትን ገንዘብ ያህል ዋጋ አለው ብዬም አምናለሁ። ቀናቱንና ዓመታቱን በሙሉ የጻፍኩት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ፍርዱን ከመስጠት በፊት ኪዩቡ ምን እንደሆነ በትክክል ማወቅ ያስፈልጋል፤ ብዙው ተቺ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። ኪዩቡ ሱቅ አይደለም፣ በር ነው። ሱቁ ያለው ከመሬት በታች ነው። ከኪዩቡ ጀርባ የቆመው ባለ 50 ፎቁ የጀነራል ሞተርስ ሕንፃ በ1968 የተጠናቀቀ ሲሆን፣ በፊቱ የነበረው አደባባይ ከመንገዱ ደረጃ ዝቅ ብሎ የተሠራና ሰው የማይወደው፣ ነጋዴም ያልቀናው ስፍራ ነበር። ከመንገዱ ማዶ ፕላዛ ሆቴል፣ በሰያፍ ደግሞ የሴንትራል ፓርክ ደቡብ ምሥራቅ ማዕዘን እያለ፣ በከተማዋ እጅግ ውድ ከሚባሉት መሬቶች አንዱ ለዓመታት ያለ ጥቅም ተቀምጧል። የሕንፃ ባለሀብቱ ሃሪ ማክሎው ሕንፃውን በ2003 በ1.4 ቢሊዮን ዶላር ሲገዛ ይህንንም ችግር አብሮ ገዛ ማለት ይቻላል። መንገደኛን ወደ ምድር ቤት ወርደህ ዕቃ ግዛ ማለት ቀላል አይደለም። ቦህሊን ሲዊንስኪ ጃክሰን የተባለው የአርክቴክቶች ድርጅት ያመጣው መፍትሔ፣ በባዶው አደባባይ መካከል በሁሉም ጎኑ ወደ 10 ሜትር የሚጠጋ የመስታወት ኪዩብ አቁሞ፣ የቀን ብርሃንንም ሰውንም በአንድ በር ወደ ታች ማውረድ ነበር። ግንቦት 19 ቀን 2006 ሲከፈት ሌት ተቀን፣ ዓመቱን ሙሉ የማይዘጋ ሱቅ ሆነ፤ ብዙም ሳይቆይ በከተማዋ ሰው ፎቶ ከሚያነሣቸው ቦታዎች ተርታ ገባ።

እንግዲህ የአንድ ብርሃን አስተላላፊ በር ጥራት የሚለካው በማይታየው ነገር ነው። የ2006ቱ ኪዩብ 90 መስታወት ነበረው። ለአራቱ ግድግዳና ለጣሪያው ሲካፈል ለእያንዳንዱ ገጽ 18 ይደርሳል። እነዚህን መስታወቶች እርስ በርሳቸው፣ እንዲሁም ከውስጥ ከሚደግፏቸው የመስታወት ምሰሶዎችና አግዳሚዎች ጋር የሚያያይዙት ከመስታወቱ ላይ ጎልተው የሚታዩ የብረት ማያያዣዎች ነበሩ። ከመንገዱ ማዶ ሆኖ ለሚያይ ኪዩቡ ንጹሕ ነበር። ቀርቦ ለሚያይ ግን የካሬ ደብተር ገጽ ይመስላል፤ በየመስመሩ መገናኛ አንድ ብረት አለ፣ ከጀርባው ያለው ሰማይም በትንንሽ ክፍል ተቆራርጦ ነው የሚታየው። ከውስጥ ሆኜ ቀና ብዬ ስመለከት ዓይኔ ያርፍ የነበረው በማያያዣዎቹ ላይ ነበር፤ ከሰማዩ ይልቅ ብረቱ ይቀድመኝ ነበር።

በ2011ዱ ሥራ 90ው ወደ 15 ወረደ፦ ለእያንዳንዱ ግድግዳ ሦስት፣ ለጣሪያውም ሦስት። አፕል ራሱ በግንባታው ዙሪያ ባቆመው አጥር ላይ ይህንኑ ቁጥር ጽፎ ለመንገደኛው አስታውቆ ነበር። ግድግዳ የሚሆነው እያንዳንዱ መስታወት ከመሬት እስከ ጣሪያ አንድ ወጥ ነው፤ ስለዚህ በአግድም የሚያቋርጠው መስመር ሁሉ ጠፋ። ማያያዣው ብረትም ከውጭ ከመቀርቀር ይልቅ መስታወቱ ሲደራረብ በንብርብሮቹ መካከል ገብቶ አብሮ እንዲጣበቅ ተደረገ። አንድ ቀን ከዝናብ በኋላ በግድግዳው አጠገብ ቆሜ የሁለት መስታወቶችን መጋጠሚያ በጣቴ ተከትዬ ነበር፤ ጣት የማይገባበት ስስ ማሸጊያ ከታች እስከ ላይ ሳይቋረጥ ይሄዳል፣ የዝናቡም ጠብታ ምንም ሳያግደው ከአናቱ እስከ እግሩ በአንድ መስመር ይወርዳል። ከአጠገቤ አንዲት ሕፃን መዳፏን መስታወቱ ላይ ለጥፋ በደረጃው የሚወርደውን ሰው ትከታተል ነበር። እናቷ ስትጎትታት ሕፃኗ የተመለከተችው ሰዎቹን እንጂ መስታወቱን እንዳልነበረ ያኔ ልብ አልኩ። የዚህ ሥራ ዓላማ ከዚህ የተለየ አይመስለኝም።

በ2006 ይህን ለምን አላደረጉትም የሚል ጥያቄም ተነሥቷል፤ መልሱ ቴክኒካዊ ነው። መስታወቱ ሸክም የሚሸከም በመሆኑ ብዙ ንጣፍ በጠንካራ የፕላስቲክ ሽፋን እየተጣበቀ መደራረብ አለበት፤ ይህ የሚከናወነው ደግሞ አውቶክሌቭ በሚባል፣ በሙቀትና በግፊት በሚሠራ ግዙፍ ምድጃ ውስጥ ነው። የመስታወቱ ትልቅነት በምድጃው ትልቅነት ይወሰናል። በእነዚያ አምስት ዓመታት በደቡብ ጀርመን፣ በአውግስቡርግ አቅራቢያ የሚሠሩት የመስታወት ባለሙያዎች ከ10 ሜትር በላይ ርዝመት ያለውን አንድ ወጥ መስታወት መደራረብ ቻሉ፤ ኤከርስሊ ኦካላሃን የተባለው የመሐንዲሶች ድርጅትም የምሰሶዎቹንና የማያያዣዎቹን ስሌት ከዚህ አዲስ አቅም ጋር አስማማ። ስለዚህ የ2006ቱ ኪዩብ ሐሳቡ ከዘመኑ የመስታወት አቅም ቀድሞ የተሠራ ነበር፤ የ2011ዱ ሐሳቡ ከቁሱ ጋር የተገናኘበት ነው። ይህን ያወቀ ሰው «ምኑ ተለወጠ?» የሚለውን ጥያቄ በሌላ ዓይን ያየዋል።

አሁን ወደ ሰዉ አስተያየት ልመለስ። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ስለ ገንዘቡ የተነሣው ቅሬታ ነው። 6.6 ሚሊዮን ዶላር ለበር ከማውጣት የሠራተኛ ደመወዝ ማሻሻል ወይም ችግረኛ መርዳት አይሻልም ወይ የሚሉ ሰዎች ነበሩ፤ ይህ በቅናት ወይም ባለማወቅ የተነገረ ነገር አይደለም። በዚያው ወቅት፣ በ2011 መኸር፣ በዚያው በማንሃተን ደሴት ደቡባዊ ጫፍ የገንዘብ ማዕከሉን ዎል ስትሪትን የሚቃወሙ ሰዎች በዙኮቲ ፓርክ ድንኳን ተክለው ስለ ሀብት ክፍፍል ይጮኹ እንደነበር ለሚያስታውስ፣ ቅሬታው ከየት እንደመጣ ግልጽ ነው። እኔ ከዚህ ወገን የምለየው በአንድ ነጥብ ብቻ ነው፦ ከዚህ ሥራ ተጠቃሚው ዕቃ ገዢው ብቻ አይደለም። አንድም ዕቃ ሳይገዛ በአደባባዩ የሚያርፈው፣ በመስታወቱ ውስጥ የማዶውን ሆቴልና የፓርኩን ዛፎች የሚያየው፣ ሌሊት መንገዱ ሲጨልም በብርሃኑ የሚያልፈው ሰው ሁሉ ተካፋይ ነው። ለሕዝብ ዓይን የሚሠራ ነገር በጥንቃቄ ሲሠራ ከተማው ይጠቀማል፤ በዚያው ቦታ የነበረው ጎድጓዳ አደባባይ በግዴለሽነት የተሠራ ነገር ስንት ዓመት እንደሚጎዳ አሳይቷል።

የአድናቂዎቹ ወገን በበኩሉ ለውጡን በቅርብ ካለፈው ሰው ጋር አያይዞ ነበር የተመለከተው። ከአፕል መሥራቾች አንዱ የነበረው ስቲቭ ጆብስ ጥቅምት 5 ቀን 2011 አረፈ፤ አዲሱ ኪዩብ የተገለጠው በተከታዩ ወር ነበር። ሐዘኑ ትኩስ ስለነበር ብዙ ሰው መስታወቱን እንደ መታሰቢያ አየው። ስሜቱን እረዳለሁ፤ እንደ ሥነ ሕንፃ ግምገማ ግን አይበቃም፤ ኪዩቡ ጥሩ የሆነው ማን እንዳሰበው ስለሚታወቅ ሳይሆን በጥሩ ሁኔታ ስለተሠራ ነው።

ሦስተኛው አስተያየት ሥጋት ነበር፦ መስታወቱ ትልቅ ከሆነ፣ አንዱ ሲሰበርስ? ይህ ሥጋት ትክክል ሆኖ ተገኘ። በጥር 2014 በአደባባዩ በረዶ ይጠርግ የነበረ ማሽን አንዱን መስታወት መትቶ ከላይ እስከ ታች ሰነጠቀው፤ በወቅቱ የተነገረው የመተኪያ ዋጋ ወደ 450 ሺህ ዶላር ይጠጋ ነበር። በ90ው ዘመን ቢሆን የሚቀየረው አንድ ትንሽ ክፍል ብቻ ነበር። እዚህ ላይ ነገሩን ሳላለሳልስ እናገራለሁ፦ የ2011ዱ ዲዛይን ውበቱን ያገኘው የጥገናን ቀላልነት ከፍሎ ነው። ሆኖም የተመታው መስታወት ቢሰነጠቅም አልፈረሰም፤ ንብርብሮቹ ተያይዘው ስብርባሪውን ይዘው ባለበት ቆመዋል። ለሕይወት የሚያሰጋው ነገር ታስቦበት እንደተሠራ ይህ በቂ ማስረጃ ነው፤ የቀረው የድርጅቱ የራሱ ወጪ ነው።

በእኔ ግምት ሰዉ ሊያነሣው ሲገባ ብዙም ያላነሣው እውነተኛ ጉድለት ከኪዩቡ በታች ነበር። በ2011 ገንዘቡ ሁሉ በር ላይ ሲወጣ፣ በሩ የሚያስገባበት ክፍል ሳይነካ ቀረ፤ ከደረጃው ጥቂት እርምጃ የራቀ ሰው የቀን ብርሃን አያገኝም፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ ነበር፣ ለሚጎርፈውም ሕዝብ ስፋቱ አይመጥንም ነበር። እንዲህ ያለ በር ለዚያ ክፍል ይበዛበት ነበር። ይህ የተስተካከለው ሱቁ በ2017 ተዘግቶ፣ ሥራው ጎን ወዳለው የቀድሞው የኤፍኤኦ ሽዋርዝ የመጫወቻ መደብር ቦታ ተዛውሮ፣ ፎስተር ኤንድ ፓርትነርስ በተባለው የአርክቴክቶች ድርጅት ዲዛይን እንደገና ተሠርቶ መስከረም 20 ቀን 2019 ሲከፈት ነው። የሱቁ ስፋት በእጅጉ አደገ፣ ጣሪያው ከፍ አለ፣ የአደባባዩ ወለል ተከፍቶ ብርሃን ወደ ታች የሚያስገቡ 62 ክብ መስኮቶች ገቡ፤ የመስታወቱ ጠመዝማዛ ደረጃ በማይዝግ ብረት ደረጃ ተተካ። በመስታወት ላይ መራመድ ለሚያስፈራው፣ ወይም ከሥር የሚያየው ሰው መኖሩ ለሚከብደው፣ ይህ የመጨረሻው ለውጥ ትልቅ እፎይታ ነው።

ከመከፈቱ በፊት ለጥቂት ቀናት ኪዩቡ የቀስተ ደመና ቀለም በሚያንጸባርቅ ስስ ሽፋን (ፊልም) ተሸፍኖ ነበር፤ በዚያን ጊዜ የተሰማው ደስታ በ2011 ከተሰማው የላቀ ነበር፤ ለውጡ ለሁሉም ይታይ ነበርና። ፊልሙ ግን ተነሣ፤ ኪዩቡም ባለ 15 መስታወት ሆኖ ቀጠለ። ልክ ውሳኔ ነበር እላለሁ። ቀለሙ ዓይን ይይዛል፣ ዓይን የያዘ ነገር ደግሞ ወደ ኋላው አያሳይም።

ለማየት የምትሄዱ ከሆነ ጊዜያችሁን ምረጡ። ቀትር ላይ ፀሐይዋ በመስታወቱ ላይ ስለምታብረቀርቅና ሕዝቡም ስለሚበዛ የሚታየው ነጸብራቅ ብቻ ነው። ዝናብ ካባራ በኋላ፣ ሊመሽ ሲል፣ በሩ በሌለበት ጎን ቁሙ። ከታች የሚመጣው ብርሃን ገና ከሰማዩ ብርሃን ጋር እኩል በሆነበት በዚያች ሩብ ሰዓት ግድግዳው ይጠፋል፤ ሰዎች በአየር ላይ ቆመው ደረጃ የሚወርዱ ይመስላሉ። ያኔ መጋጠሚያዎቹን ቁጠሩ። በአንዱ ግድግዳ ላይ የምታገኙት ቀጥ ብለው የቆሙ ሁለት መስመሮችን ነው፤ እነሱንም ፈልጋችሁ ነው የምታገኟቸው።