አይሱዙዬን ከሰባት ወር ስቃይ ላዳነልኝ የደጀኑ መካኒክ

ሰላም ወገኖቼ፣ በተለይ የጎጃም መስመር ሾፌሮችና ባለመኪኖች። ይህን የምጽፈው አንድ ሰው ለማመስገን ነው። ደግሞም እንደኔ የራዲያተር ውሃ በሚጎድልባት መኪና የሚንገላታ ካለ፣ ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ከማስፈታቱ በፊት እንዲያነበው ብዬ ነው።

መኪናዬ የድሮዋ አይሱዙ ኤንፒአር ናት። አባቴ ገዝቶ እስኪደክም ድረስ ነዳት፣ ከዚያ ለእኔ አስረከበኝ። ከቢቸና አካባቢ ጤፍ እጭንና አዲስ አበባ እህል በረንዳ አራግፋለሁ፤ ስመለስ ያገኘሁትን፣ ብዙ ጊዜ ሲሚንቶ እጭናለሁ። ቤተሰቤ የሚኖረው በእሷ ነው።

ባለፈው ዓመት ክረምቱ እንደወጣ ውሃ መጉደል ጀመረች። የአባይ በረሃን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ከደጀን ወርዳችሁ ድልድዩን ስትሻገሩ፣ እስከ ጎሃ ጽዮን ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ነው። ግማሽ መንገድ ሳልደርስ የሙቀት መለኪያው ቀዩ ጋ ይጠጋል። ዳር ይዤ አቆማለሁ፣ አቀዘቅዛለሁ፣ ስጨምርላት ሦስት ሊትር ትውጣለች። መሬቱን ባይ፣ ከሥር ገብቼ ባይ፣ አንድ ጠብታ የለም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ረዳቴ ቸኩሎ የራዲያተሩን ክዳን በሙቁ ሲከፍተው እንፋሎቱ ክንዱን ልጦታል። ጠባሳው እስከ ዛሬ አለ፣ ባየሁት ቁጥር ይቆጨኛል።

አዲስ አበባ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ስሙን አልጠራም። «ውጭ ካልፈሰሰ ውስጥ ነው፤ ጓርኒሲዮን በልታለች» አሉኝ፤ በቴስታታውና በሞተሩ መሐል ያለው ማሸጊያ ተበልቷል ማለታቸው ነው። ቴስታታው ወረደ፣ ተላገ፣ አዲስ ጓርኒሲዮን ገባ። አሥራ አንድ ቀን ቆምኩ፤ ለልጆቼ ትምህርት ቤት ያስቀመጥኩት ብር እዚያው አለቀ። በመጀመሪያው ጉዞ አባይ ላይ እንደገና ሦስት ሊትር። ሌላ ቦታ ደግሞ «ቴርሞስታቱ ነው የሚያሞቃት» ብለው ያንን እንደ ሙቀቱ ውሃውን የሚዘጋና የሚከፍት ዕቃ አውጥተው ጣሉት። ሰባት ወር እንዲህ ከረምኩ፤ ከረዳቴ እግር ሥር ሁለት ጀሪካን ውሃ ጠፍቶ አያውቅም።

ደጀን ላይ ያለውን ሰው የጠቆመኝ አንድ የነዳጅ ቦቴ ሾፌር ነው፣ እግዜር ይስጠው። ሁላችንም «ጋሼ» ብቻ ነው የምንለው። ትልቅ ጋራዥ የለውም፤ አንድ የቆርቆሮ ዳስ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ በእርሳስ የተሞላ አሮጌ ደብተር። ስደርስ ሞተሩ ትኩስ ነበር። እጁን ኮፈኑ ላይ አሳረፈና «ዛሬ አላያትም ልጄ። ትደር፤ ጠዋት እንገናኝ» አለኝ። ሌላ ቦታ ገና ሳልወርድ ቻቬ ይዘው ነበር የሚመጡት።

ጠዋት ብረት ከመንካቱ በፊት ጥያቄ ነው የጀመረው። ሲያድር ይጎድላል ወይ? ሽቅብ ነው ወይስ ቁልቁል የምትጎድለው? ባዶዋን ስትሄድስ? ጭሱ ምን ይመስላል? ሁሉንም ደብተሩ ላይ ጻፈ። አድራ እንደማይጎድል፣ ተጭና ሽቅብ ስትወጣ ብቻ እንደሆነ ስነግረው «እንግዲያውስ ግፊት ሲኖር ብቻ ነው የምታለቅሰው» አለ።

የዘይት መለኪያውን አውጥቶ በነጭ ጨርቅ ጠረገው፤ ውሃ እንደገባበት ዘይት ወተት የገባበት ቡና አልመሰለም፣ ንጹሕ ነው። ክዳኑን ከፍቶ ሞተሩን አስነሳና ራዲያተሩ አፍ ላይ ተደፍቶ ቆየ። ጓርኒሲዮን ቢሄድ ኖሮ የሲሊንደሩ ግፊት ውሃው ውስጥ ስለሚገባ አረፋው አያቋርጥም ነበር። አረፋ የለም። ነጭ ጭስም የለም። «ቴስታታህ ጤነኛ ነው። የሠራው ልጅ በደንብ ነው የሠራው፤ ያልታመመውን አከመ እንጂ» አለኝ። ሌላውን ሳያንቋሽሽ እንዲህ የሚናገር መካኒክ ብዙ አላጋጠመኝም።

ከዚያ ከሳጥኑ አንድ ነገር አወጣ። አሮጌ የራዲያተር ክዳን ነው፤ መሐሉን በስቶ የካላማዳሪ ቫልቮላ ገጥሞበታል። ራዲያተሩ ላይ አሰረውና በብስክሌት መንፊያ፣ ከነመለኪያው፣ ግፊት ሰጠው። ክዳኔ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አሳየኝና እዚያ ሲደርስ አቆመ፤ ከዚያ ካለፈ ራዲያተሩን ራሱን ይጎዳዋል። ቁጭ ብለን መርፌውን አየን። በጣም ቀስ ብሎ ወረደ። ሰባት ወር ሙሉ ማንም ሊያሳየኝ ያልቻለውን ማፍሰስ በዓይኔ አየሁት፤ የት እንደሆነ ግን ገና ነው።

ካቢኑን ገለበጥን። ጋሼ ሞተሩን በኮምፕሬሰር ነፍቶ አደረቀና የሕፃን ፓውደር አመጣ። አዎ፣ ልጅ ታጥቦ የሚቀባውን። በሚጠረጥርባቸው ቦታዎች ሁሉ፣ በቱቦዎቹ መጋጠሚያ፣ በውሃ ፓምፑ ዙሪያ፣ በብሎኩ (በሞተሩ ዋና አካል) ጎን በስሱ ነፋበት። እንደገና ግፊት ሰጠና «ቡና እንጠጣ» አለ። ሁለተኛው ስኒ ላይ ስንደርስ በእጅ ባትሪና በመስታወት ስባሪ ዞር ዞር ብሎ አየና ጠራኝ። ከጭስ ማውጫው ማኒፎልድ በታች፣ ዓይን በቀጥታ በማያገኘው ቦታ፣ ነጩ ፓውደር ላይ አንዲት ጥቁር ነጥብ። የጤፍ ፍሬ ታክላለች። እያየናት ሰፋች።

ብሎኩ ጎን ላይ ተመትተው የሚገቡ ክብ የብረት ክዳኖች አሉ፤ አንደኛው ነው የተበሳው። ውሃው በግፊት ሲወጣ የጋለው ማኒፎልድ ሥር ስለሆነ ወዲያው ይተናል። መሬት ላይ ጠብታ ያጣሁት ለዚህ ነው። ግፊቱ ባመለጠ ቁጥር ደግሞ ውሃው ቶሎ ይፈላል። ጋሼ እንደነገረኝ እንደ ደጀን ባለ ከፍታ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ 100 ሳይደርስ፣ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው የሚፈላው። ሞተሩ ከዚያ በላይ ሲሞቅ ውሃው እንዳይፈላ የሚይዘው የክዳኑ ግፊት ነው።

ክዳኗን አንዱን ጠርዝ መታ መታ አድርጎ አዞራትና በፒንሳ ጎትቶ አወጣት። እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። ከውጭ ደህና ትመስላለች፤ ከውስጥ ዝገቱ በልቷት እንደ ስስ ቂጣ ሆናለች። አውራ ጣቴን ስጫናት ተሰበረች። ለዓመታት ከወንዝ በጀሪካን እየቀዳን የጨመርነው ውሃ ነው እንዲህ ያደረጋት። ኩላንት፣ ራዲያተር ውሃ ላይ የሚቀላቀለው ፈሳሽ፣ ቅዝቃዜ ላለበት አገር ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ብረቱን ከዝገት የሚጠብቅ መድኃኒት እንዳለው ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

የቀሩትም እኩያ ስለሆኑ በዚያው ጎን ያሉትን ሁሉ ቀየረ። መቀመጫቸውን በብርጭቆ ወረቀት አጸዳ፣ ሲሊኮን ቀባ፣ ልኩ በሆነ ቡሶላ እየመታ አስገባቸው። የተጣለውን ቴርሞስታት በአዲስ ተካ፤ እሱ ከሌለ በብርድ ሞተሩ የሥራ ሙቀቱ ላይ አይደርስም፣ ናፍጣም ይበላል አለኝ። የቆሸሸውን ውሃ እያጠበ አስወጣና ግማሽ ኩላንት ግማሽ ንጹሕ ውሃ ሞላ፤ አየሩ እስኪወጣ ሞተሩን አስነስቶ ጠበቀ። በመጨረሻ ያንን ቫልቮላ ያለውን ክዳን እንደገና አስሮ ግፊት ሰጠ። ሃያ ደቂቃ ሙሉ መርፌው ካለበት አልተነቃነቀም።

ሒሳቡን ስጠይቀው የጠራው ለቴስታታው ከከፈልኩት አንድ አሥረኛ አይሞላም። ጨምሬ ልስጠው ስል «የሠራሁትን ከፍለኸኛል፤ ይልቅ የልጁን ክንድ ሐኪም አሳየው» አለኝ። ረዳቴን ያን ዕለት ገና ማየቱ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አባይን አሥራ ስምንት ጊዜ ተሻግሬያለሁ፣ ሙሉ ጭነት ይዤ። ሁልጊዜ ጠዋት፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ፣ ረዳቴ ክዳኑን ከፍቶ ያያል። ሁለቱን ጀሪካኖች እናቴ ወስዳ ጠላ ትጠምቅባቸዋለች።

ጋሼ፣ እግዚአብሔር እጅህን ይባርክ፤ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። አባቴም የመኪናዋን ድምፅ ከሩቅ ለይቶ ሲሰማ ይመርቅሃል።

ስልኩን እዚህ እንዳላወጣ ስለነገረኝ የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ፣ እሰጣችኋለሁ። ስትሄዱ ግን ከዋዜማው ደጀን ግቡና መኪናችሁን አሳድሯት፤ ትኩስ ሞተር አያይም። ስንት ሊትር፣ የትኛው ዳገት ላይ፣ ተጭና ነው ወይስ ባዶዋን የሚለውንም አስቡበት፤ ደብተሩን ከፍቶ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ያንን ነው።